አብሮ የተማረ አብሮ ይሠራል፦ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ታሪክ ለልጆቻችን ምን ያስተምራል?



የዝግጅት ኮሚቴው ለዚህ መጽሔት ስለ ልጆቻችን ትምህርት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ጠይቆኛል። እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም በባሱንዳ ገበያ ለብዙ ዓመታት ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ማን እንደታመመ፣ ማን እንደዳነ፣ የማን ልጅ ምን ትምህርት እንደገባ ሳይጠይቅም ይሰማል። ያደግሁትም ጎንደር በመሆኑ ስለ ከተማዋ የጤና ኮሌጅ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ፣ ኋላም ሳነብ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ስለዚያ ኮሌጅ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እንደምታውቁት ማኅበራችን በአቅሙ ተማሪዎችን ይረዳል። ባለፉት ስብሰባዎቻችን ላይ ግን አንድ ክርክር ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። ከፊሎቻችን "ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ዶክተር ለሚሆነው ብቻ ይሰጥ" አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ "ነርሷም፣ የላቦራቶሪው ልጅም፣ መምህሩም የእኛው ልጆች ናቸው" አልን። በየቤታችንም ያው ነው። ልጁ ሕክምና የገባለት ወላጅ ቡና ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል፤ ልጁ የአካባቢ ጤና የሚማርበት ወላጅ ግን "እሱም ጤና ነው የሚማረው" ብሎ ነገሩን ያሳጥራል። ይህ ክርክር ከ70 ዓመት በፊት ጎንደር ላይ በሥራ የተፈተነ ነው። ውጤቱን ማወቅ ለእኛም ውሳኔ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱን ሁሉ እዚህ ሱዳን በለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የደምቢያ ወባና የኮሌጁ መመሥረት

የደምቢያ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን የተዘረጋ ለም አገር ነው። ነገር ግን ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየረባዳው ሲተኛ ወባ ይከተላል። በ1953 በዚያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። እህሉ በማሳ ላይ ደርሶ የሚያጭደው ሰው ታሞ የተኛበት ዘመን እንደነበር አዛውንቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ አንድም የሐኪሞች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አልነበረም። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ፣ የሚሠሩትም በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነበር። ገጠሩ ሐኪም እስኪደርሰው ይጠብቅ ቢባል አንድ ትውልድ ሊያልፍ ነው።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ። በ1954 የኢትዮጵያ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከአሜሪካው የፖይንት ፎር የእርዳታ ድርጅት፣ ከዓለም የጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር በመተባበር ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋመ። ኮሌጁ በንጉሠ ነገሥቱ ስም "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ" ተብሎ ተሰየመ። በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም የዩኒቨርሲቲው አንዱ ክፍል ሆነ። ለወረርሽኙ ለተጋለጠው ለደምቢያ ቅርብ መሆኑ ጎንደር እንድትመረጥ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ተማሪው የሚማርለትን በሽታ ከከተማው በር ላይ ያገኘዋል ማለት ነው።

ሦስት ሙያ፣ አንድ ቡድን

የኮሌጁ ዋና አሳብ ቀላል ነው። ለገጠሩ ሕዝብ አንድ አዋቂ ከመላክ ይልቅ፣ አብረው ተምረው አብረው የሚሠሩ ጥቂት ባለሙያዎችን መላክ ይሻላል የሚል ነው። በዚህ መሠረት ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ይሠለጥኑ ጀመር።

የመጀመሪያው ጤና መኮንን ነው። በሽታን ይመረምራል፣ ያክማል፣ የጤና ጣቢያውን ሥራ ይመራል፣ ወረርሽኝ ሲነሣ ይከታተላል። ሁለተኛዋ ኮሙኒቲ ነርስ ናት። ነፍሰ ጡሮችን ትከታተላለች፣ ታዋልዳለች፣ ሕፃናትን ትመዝናለች፣ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችን ትመክራለች። ሦስተኛው ሳኒታሪያን ነው፤ ዛሬ የአካባቢ ጤና ባለሙያ የምንለው። ምንጭ ያጎለብታል፣ የጉድጓድ ውኃ ይመረምራል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ ቄራውንና ገበያውን ይቆጣጠራል፣ ትንኝ የሚራባበትን ውኃ ያፋስሳል።

ለአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ጤና መኮንን፣ ሁለት ኮሙኒቲ ነርሶችና አንድ ሳኒታሪያን ይመደቡ ነበር፤ የላቦራቶሪ ባለሙያና ቁስል የሚያክሙ ድሬሰሮችም ይጨመራሉ። አንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። እስቲ አስቡት! 50,000 ሕዝብ ለአንድ ሰው ብቻ ቢሰጥ ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያክም ውሎ ነገ ያው በሽተኛ ተመልሶ ይመጣበታል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ይኸው ነው።

በጣም ብልህ ሆኖ ያገኘሁት ግን አሠለጣጠኑን ነው። ሦስቱም በየክፍላቸው የየራሳቸውን ትምህርት ከተማሩ በኋላ፣ ወደ ማጠናቀቂያው ላይ በቡድን ሆነው ወደ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። ከእነዚህ ጤና ጣቢያዎች አንዱ ያው ወረርሽኝ በመታው በደምቢያ፣ ቆላ ድባ ላይ ነበር። እዚያ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ገጠር ይወርዳሉ። ጤና መኮንን የሚሆነው ተማሪ ሳኒታሪያን የሚሆነው ጓደኛው ጉድጓድ ሲያስቆፍር ያያል። ሳኒታሪያኑም ነርሷ በአንድ ጎጆ ውስጥ ከእናት ጋር ተቀምጣ ስትመክር ይሰማል። ተመርቀው ሲመደቡ ታዲያ አንዱ የሌላውን ሥራ በዓይኑ ያየ ሰው ሆኖ ይሄዳል።

ኮሌጁ ገና አራተኛ ዓመቱን እንደያዘ አገሪቱ በከባድ ፈተና ውስጥ ገባች። በ1958 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋ አገሮች በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉም እንደሞተ ይገመታል። ወባ የማያውቁ ከፍተኛ ቦታዎች ሁሉ ተመቱ። ይህን የመሰለ መቅሠፍት በመርፌና በክኒን ብቻ የሚመለስ አልነበረም። ደም የሚመረምር፣ መድኃኒት የሚያድል፣ ቤት ለቤት የሚዞር፣ ውኃ የሚያፋስስና ቤት የሚረጭ ሰው ሁሉ ያስፈልግ ነበር። በተከታዩ ዓመት በ1959 የወባ ማጥፋት ድርጅት ተቋቋመ። የጎንደሩ አሳብ ትክክል መሆኑን ወረርሽኙ ራሱ መሰከረ ማለት ይቻላል።

አብሮ መማር ለምን ያስፈልጋል?

አንዳንድ ወላጅ "እያንዳንዱ የራሱን ትምህርት ጠንቅቆ ከተማረ ሲመረቅ አብሮ መሥራቱ አይቀርም፤ በትምህርት ላይ ምን አገናኛቸው?" ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

እስቲ አንድ ትኩሳት የያዘው ሕፃን እንውሰድ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ደሙን አይቶ ወባ መሆኑን ይለያል። ሐኪሙ ወይም ጤና መኮንኑ መድኃኒቱን በልኩ ያዝዛል። ነርሷ እናቲቱ መድኃኒቱን ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደምትሰጥ፣ ልጁ ቢያስመልሰው ምን እንደምታደርግ ታስረዳለች። የአካባቢ ጤናው ባለሙያ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ የቆመውን ውኃ አይቶ ያስደፍናል፤ አጎበሩም በትክክል መሰቀሉን ያያል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል? ምርመራው ቢጎድል ልጁ የሌለበትን በሽታ መድኃኒት ይውጣል። ምክሩ ቢጎድል ልጁ ትንሽ ሲሻለው መድኃኒቱ ይቋረጥና ለታናሽ ወንድሙ ይቀመጣል። ውኃው ባይደፈን በወሩ ያው ልጅ በያው ትኩሳት ይመለሳል። እኔ በሱቄ የማየው ይህንን ነው። በአንድ ኸሪፍ ከአንድ ቤት ሦስት ጊዜ "ለትኩሳት የሚሆን አለህ?" እየተባልኩ እጠየቃለሁ።

እነዚህ አራት ሰዎች እንዲደማመጡ ደግሞ ትውውቅ ይፈልጋሉ። በትምህርት ቤት ሳለ ከነርስ ጋር ተቀምጦ የማያውቅ ሐኪም፣ ሥራ ላይ ነርሷ "ይህ በሽተኛ ትናንት ማታ አልተኛም" ብትለው እንደ ተራ ወሬ ያየዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ምን እንደሚደረግ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ናሙናው ተበላሽቶ ይሁን በሽታው ጠፍቶ መለየት አይችልም። ወጣቱ ገና ሳይሾምና ደመወዙ ሳይለያይ አብሮ ቢማር ግን "ይህን እኔ አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ" ማለትን ይለምዳል። ከተሾመ በኋላ ይህን ቃል ማውጣት ይከብዳል።

ያልተሳካው በኩል

ታሪክ ስንጽፍ መልካሙን ብቻ መጻፍ ተገቢ አይደለም። የጎንደሩም ሥራ እንከን ነበረበት። ቡድኑን የሚመራው ሁልጊዜ ጤና መኮንኑ ነበር። ነርሶቹ ሴቶች፣ መሪው ወንድ በነበረበት ዘመን የነርሷ ድምፅ ሁልጊዜ እኩል ይሰማ ነበር ብሎ መናገር አይቻልም። ጤና መኮንኖቹም ራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው። የሐኪም ሥራ እየሠሩ የሐኪም ማዕረግና እድገት አላገኙም፤ በዚህም የተነሣ ከመካከላቸው ብዙዎች ወደ ሕክምና ትምህርትና ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ልብ በሉ፤ ሙያውን ያሳነሰው ሥራው ሳይሆን ክብሩና ክፍያው ነው። እኛም በየቤታችን "ዶክተር ካልሆነ" እያልን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

በ1978 ጎንደር ውስጥ ትልቅ ለውጥ መጣ። በምሥራቅ ጀርመን ከሚገኘው የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ኮሌጁ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ስሙም የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ተባለ። ሐኪም ማሠልጠኑ ለአገር ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የጤና መኮንኖች ሥልጠና ቆመ፤ ከእሱም ጋር የቀድሞው የቡድን ሥልጠና መሪውን አጣ።

የሚያስገርመው ነገር በዚያው በ1978 በመስከረም ወር የዓለም መንግሥታት በሶቪየት ኅብረት ከተማ በአልማ አታ ተሰብስበው ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ አንድ መግለጫ ማውጣታቸው ነው። መግለጫው ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ረዳቶችና የማኅበረሰብ ሠራተኞች እንደ አንድ የጤና ቡድን ሆነው ለመሥራት መሠልጠን አለባቸው ይላል። ዓለም ወደ ጎንደር አሳብ ሲመጣ ጎንደር ከአሳቧ ወጥታ ነበር ማለት ነው።

አሳቡ ተመልሶ ሲመጣ

መልካም አሳብ ግን ተቀብሮ አይቀርም። በ1983 ጅማ ላይ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲመሠረት ትምህርቱ ከሕዝቡ ጋር እንዲያያዝ ተደርጎ ተቀረጸ። ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ይወርዳል። በመጨረሻም "የቡድን ሥልጠና" በተባለው ፕሮግራም የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድነት ለሳምንታት በጤና ጣቢያ ይመደባሉ። የሕዝቡን ችግር አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ዕቅድ ያወጣሉ፣ አብረው ይሠራሉ። ኢንስቲትዩቱ በ1999 ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲያድግም ፕሮግራሙ ቀጠለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና መኮንኖች ሥልጠና እንደገና ተጀመረ። በ2004 ዩኒቨርሲቲ የተባለችው ጎንደርም የቡድን ሥልጠናውን ይዛለች።

እኛ በምንኖርበት በሱዳንም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1975 የተመሠረተው የገዚራ ዩኒቨርሲቲ በወድ መደኒ የሕክምና ፋኩልቲውን የከፈተው በ1978 ነው። ይህ ፋኩልቲ ተማሪዎቹን በቡድን እያደረገ ወደ ገጠር መንደሮች በመላክ የታወቀ ነው። ተማሪዎቹ መንደር ውስጥ ተቀምጠው የሕዝቡን ኑሮ ያጠናሉ፤ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆነው መፍትሔ ይፈልጋሉ። በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ይህን ሁሉ እንዳናጋው እናውቃለን። ወድ መደኒ በታኅሣሥ 2023 በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ስትወድቅ ከዚያ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሲጎርፍ አይተናል፤ ከመካከሉም ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ብዙ ተማሪዎች ነበሩበት። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው በጥር 2025 ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትም በ1988 ስለ ጉዳዩ ባወጣው ሪፖርት ለጤና አብሮ ለመሥራት አብሮ መማር እንደሚያስፈልግ አስረዳ። በ2010 ደግሞ አገሮች ሊከተሉት የሚችሉትን የአሠራር ማዕቀፍ አወጣ። ትርጉሙ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሙያዎች የመጡ ተማሪዎች ስለ አንዳቸው ሥራ፣ አንዳቸው ከሌላው፣ አንዳቸውም ከሌላው ጋር ሲማሩ ነው። በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ አንድ መምህር ማዳመጥ ብቻ አብሮ መማር አይባልም። የመምህራን ማሠልጠኛ የገቡ ልጆቻችንም ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነው። የትምህርት ቤት መጸዳጃና የውኃ ጉዳይ፣ ዓይኑ የታመመና ሰሌዳ የማይታየው ልጅ ጉዳይ ከመምህሩም ከጤና ባለሙያውም ሥራ የሚገባ ነው።

በሽታው ድንበር አያውቅም

ይህ ሁሉ ለእኛ ለባሱንዳ ሰዎች ምን ያደርግልናል? መልሱን ካላ አዛር ይነግረናል።

ካላ አዛር የሚተላለፈው የአሸዋ ዝንብ በምትባል እጅግ ትንሽ ዝንብ ነው። ይህች ዝንብ በእኛ በኩልም በመተማና በሑመራ በኩልም በጥቁሩ መሬት ስንጥቅ ውስጥ፣ ጣልህ በሚሉት ግራርና በላሎብ ዛፍ አካባቢ ትኖራለች። በሽታው ረጅም ትኩሳት ያመጣል፣ ሰውነትን ያከሳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚወርደውን ሳሉግ ነው፤ ቀን ሲሠራ ይውላል፣ ማታ ከእርሻው ዳር ዛፍ ሥር ይተኛል።

ይህ በሽታ ምን ያህል እንደሚያታልል በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከምና በፎገራ ታይቷል። በሽታው በዚያ አካባቢ ከዚያ በፊት የታወቀ ስላልነበረ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መሰለ። ካላ አዛር መሆኑ እስኪለይ ድረስ ብዙ ሰው ሞተ። ከተለየ በኋላ በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ተከፍቶ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሕሙማን ታወቁ። በሽታውን ከሑመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ ታመነ። በኋላ የተደረገው ጥናትም ውጭ ግራር ሥር መተኛት በሽታውን እንደሚያጋልጥ አሳየ። የሕሙማኑን ደም የሚያይ ሰው ብቻውን ይህን አያውቅም። የት እንደሚተኙ ሊያውቅ የሚችለው ቤታቸው ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው።

እኔም አንድ ያየሁት አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎጃም የመጣ አንድ ወጣት ሳሉግ ደንበኛዬ ነበር። ስኳርና ሳሙና ሊገዛ በመጣ ቁጥር ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ያያል ዓይኔ። በሦስት የተለያዩ ቦታዎች የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር። አንዱ ቦታ ደሙን አይቷል፣ ወረቀቱ ግን የለም። ሌላው ቦታ ክኒን ሰጥቶታል፣ ደሙን አላየም። የት እንደሚያድር የጠየቀው አንድም ሰው የለም። በእረፍት የመጣች አንዲት ነርሲንግ ተማሪ ልጃችንና ላቦራቶሪ የሚማር የጎረቤቷ ልጅ ሱቁ ደጃፍ ላይ አገኙት። መጀመሪያ ተከራከሩ። እሷ "የምግብ እጥረት ይመስለኛል" አለች፤ እሱ "የወባው ምርመራ ምን አለ? ወረቀቱን ሳላይ ምንም አልልም" አለ። ከዚያ እሷ ተቀምጣ ስንት ሳምንት እንዳመመው፣ የት እንደሚተኛ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ጥቁር መሬት ላይ፣ ዛፍ ሥር። እሱም "ይህ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል" አለ። ሁለቱም ገና ተማሪዎች ነበሩና እናክመው አላሉም፤ ይዘውት ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ፤ መርፌውን ጨርሶ ወደ አገሩ ገባ። አንዳቸው ብቻ ቢያገኙት ኖሮ ምናልባት ያልተሟላ መልስ ይዞ ይሄድ ነበር።

የሁለቱ አገር ባለሙያዎችም እንደ እነዚህ ልጆች ተባብረዋል። በ2003 ካርቱም ላይ የምሥራቅ አፍሪካ የካላ አዛር የምርምር ኅብረት ተመሠረተ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በእኛው በገዳሪፍ ግዛት ያለው የዶካ ሆስፒታል በዚህ ኅብረት ሥር በመድኃኒት ምርምር ተሳትፈዋል። ቀድሞ 30 ቀን ይፈጅ የነበረው የመርፌ ሕክምና በሁለት መድኃኒቶች ቅንጅት ወደ 17 ቀን እንዲያጥር ያስቻለው እንዲህ ያለው የጋራ ሥራ ነው። ለቀን ሠራተኛ 13 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

በነሐሴ 2024 በሱዳን የኮሌራ ወረርሽኝ በይፋ ሲታወጅም ገዳሪፍ ከተመቱት ግዛቶች አንዷ ነበረች። ኮሌራ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ሐኪሙ ጉሉኮስ ቢሰቅል፣ ነርሷ ፈሳሽ ብታጠጣ፣ ውኃውን የሚያክምና መጸዳጃ የሚያስቆፍር ሰው ከሌለ አልጋው ባዶ አይሆንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ለጠቅላላ ጉባኤያችን ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የማኅበሩ የትምህርት እርዳታ በሙያ ስም አይገደብ። ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ አዋላጅነት፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ የአካባቢ ጤና፣ መምህርነት ሁሉም እኩል ይታይ። ገንዘባችን ትንሽ ነው፤ ለአንድ ዶክተር ብቻ ብናውለው ግን ብቻውን የሚቆም ዶክተር ነው የምናፈራው። በተለይ ማንም የማይፈልገውን የአካባቢ ጤና የመረጠ ልጅ ካለ ልናበረታታው ይገባል። በዚህ መሬት ላይ ሥራ የሚበዛበት እሱ ነውና።

ሁለተኛ፣ በእረፍት ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ልጆቻችን ከተለያየ ሙያ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ የማኅበራችንን ቤተሰቦች ይጎብኙ። ትምህርቱን ያልጨረሰ ልጅ መርፌ አይያዝ፣ መድኃኒትም አያዝዝ። ነገር ግን የቆመ ውኃ ማየት፣ አጎበር መስቀሉን ማረጋገጥ፣ ክትባት ያልጨረሰ ሕፃን መመዝገብ ይችላል። በተለይ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያለበትና የወባ መድኃኒት ያልሠራለት ሰው ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ ያድርጉ። ቤተሰቡ ያቀፈው ተማሪ በትምህርት ቤቱ የማያገኘውን እዚሁ ይማራል።

ሦስተኛው ለእኛ ለወላጆች ነው። ልጆቻችንን በሙያቸው እያወዳደርን አናጣላቸው። ወንድሙ "ዶክተር" እየተባለ ሲሞገስ እሱ "ያው የመጸዳጃው" እየተባለ ያደገ ልጅ ነገ ሥራ ላይ ከዶክተሩ ጋር እንዴት ይነጋገራል? የቡድን ሥራ ትምህርት የሚጀምረው ከኮሌጅ በፊት፣ ከገበታችን ላይ ነው።

ስደት ያስተማረን አንድ ነገር ቢኖር ብቻውን የቆመ ሰው እንደማይዘልቅ ነው። እድራችንም፣ እቁባችንም፣ ይህ ማኅበርም የተመሠረቱት ይህን ስለምናውቅ ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እያልን አድገናል፤ ለልጆቻችን ትምህርትም ይህንኑ ብናደርግ ከአባቶቻችን ልማድ አንወጣም። ውሳኔው የጉባኤው ነው፤ እኔ የታሪኩን ድርሻ አቅርቤአለሁ።

ፈጣሪ ለአገራችንም ላስጠጋችን ለሱዳን ሕዝብም ሰላሙን ያውርድ፤ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በጤና ያድርሰን። መልካም በዓል!